ጭሱ በሚታጠፍበት ቦታ፦ የቴስታታን የጭስ መውጫ በቤት ውስጥ ስለማስተካከል

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

በፊታችሁ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሁለት ቴስታታዎች (ቫልቮቹን የያዙ የሲሊንደር ክዳኖች) ከአንድ ዓይነት ሞተር፣ ከባለ 1600 ሲሲው ቮልስ የወረዱ ናቸው። ከውጭ ለሚያያቸው ልዩነት የላቸውም። አንደኛውን ከብዙ ዓመታት በፊት በገዛ እጄ አበላሽቼዋለሁ፤ ሁለተኛውን ያ ስሕተት ካስተማረኝ በኋላ አስተካክዬዋለሁ። ጣታችሁን ወደ ጭስ መውጫዎቻቸው ብታስገቡ የተበላሸው ሰፊ፣ ልሙጥና የሚያንሸራትት ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ የተስተካከለው ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ብዙም ያልተለወጠ ይመስላችኋል። ሞተሩ ላይ ተገጥመው ሲሠሩ ጉልበት የጨመረው ይህ ሁለተኛው ነው። ዛሬ የምናገረው ይህ የሆነበትን ምክንያት፣ ቀጥሎም ሥራው በመኖሪያ ቤት ጓሮ፣ በተራ መሣሪያ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ነው።

ሥራው ፖርቲንግ ይባላል። ብዙዎቻችን «ፖርት ማስፋት» ብለን እንጠራዋለን፤ እኔ ግን ይህን አጠራር አልወደውም፣ ምክንያቱም ስሙ ገና ከመጀመሪያው እጃችንን ወደ ተሳሳተ ቦታ ይመራዋል። የሚፈለገው ቀዳዳውን ማስፋት ሳይሆን ጭሱ ከሲሊንደሩ ወጥቶ ወደ ማርሚታው (ወደ ድምፅ ማፈኛው) እስኪደርስ ድረስ ፍጥነቱን ሳያጣ፣ ከግድግዳው ሳይላቀቅ እንዲጓዝ መንገዱን ማቃናት ነው።

ቮልስን ለምሳሌ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትመረት ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች መኪና በመሆኗ ስለ ሞተሯ የማይታወቅ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ አዲስ አበባ ውስጥም ቴስታታዋን አውርዶ የማያውቅ የቆየ መካኒክ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የሁላችንንም ኑሮ ይመለከታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ ሊያገለግሉን ነው። ሞተሩ ለእድሳት ሲፈታ፣ ቴስታታው ከወረደ በኋላ በጭስ መውጫው ላይ የሚጨመር የሁለት ቀን ሥራ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጥቅም ነው፤ በትክክል ከተሠራ ማለቴ ነው።

አሁን ሲሊንደሩ ውስጥ ወደሚሆነው ነገር ልግባ። ብዙ ሰው ጭስን የሚያስወጣው ወደ ላይ የሚመለሰው ፒስተን ብቻ ይመስለዋል። የጭስ ቫልቩ ግን የሚከፈተው ፒስተኑ ገና ወደ ታች እየወረደ ሳለ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ብዙ እጥፍ እንደሆነ ነው። በዚያች ቅጽበት የጋዙ ትልቅ ድርሻ ማንም ሳይገፋው፣ በራሱ ግፊት፣ በጠባቧ ክፍተት በኩል ይፈነዳል። በቫልቩ በአንደኛው ወገን ያለው ግፊት ከሌላው ወገን ወደ ሁለት እጥፍ ከተጠጋ ጋዙ በክፍተቱ ላይ የድምፅን ፍጥነት ይደርሳል፤ በዚያ ሙቀት የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ ከ600 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከታች በኩል ያለው መንገድ የፈለገውን ያህል ቢሰፋ በክፍተቱ የሚያልፈው ጋዝ አይጨምርም። ፒስተኑ የሚገፋው የቀረውን ብቻ ነው። ጊዜውም በጣም አጭር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር ሲዞር አንድ ዙር የሚፈጀው 15 ሚሊሴኮንድ ነው፤ የጭስ ቫልቩ ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ያህል፣ ማለትም 10 ሚሊሴኮንድ ያህል፣ ክፍት ሆኖ ይቆያል ብንል፣ አብዛኛው ነገር የሚወሰነው ቫልቩ ገና ጥቂት ሚሊሜትር በተነሣባቸው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊሴኮንዶች ውስጥ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ሁለት ነገሮች ወዲያው ይገለጹለታል። የመጀመሪያው፣ የጭስ ቫልቭ ከአየር ማስገቢያው ቫልቭ ለምን እንደሚያንስ ነው። ባለ ሁለት ቀዳዳው (ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ አየር ማስገቢያ ያለው) የቮልስ 1600 ቴስታታ ማስገቢያ ቫልቩ 35.5 ሚሊሜትር፣ የጭስ ቫልቩ ግን 32 ሚሊሜትር ነው። አየርን ወደ ውስጥ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ብቻ ሲሆን፣ ጭስን የሚገፋው ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ግፊት ነው፤ ስለዚህ ጠበብ ያለ በር ይበቃዋል። የጭስ መውጫው ከማስገቢያው ጋር እኩል ማሳለፍ አለበት ብሎ የሚደክም ሰው ድካሙ በከንቱ ነው፤ ከማስገቢያው ሦስት አራተኛውን ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ድርሻ ካሳለፈ ለመንገድ መኪና ይበቃል። ሁለተኛው፣ ሥራው መጀመር ያለበት የት እንደሆነ ነው። በጓሮ የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ መሞረድ የሚጀምሩት በዓይን ከሚታየው ቦታ፣ ጭሱ ከቴስታታው ወጥቶ ቧንቧው ከሚገጠምበት አፍ ነው። እውነተኛው ጥቅም ግን ከሌላው ጫፍ፣ ከቫልቩ መቀመጫ ጀምሮ ወደ ውስጥ ባለው የአውራ ጣት እርዝመት በማይሞላ ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ ቦታ ትንሽ ስሌት እናድርግ፣ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። 32 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ቫልቭ ሲነሣ ጋዙ የሚያልፍበት ክፍተት በቫልቩ ዙሪያ እንደተንጠለጠለ መጋረጃ ነው፤ ስፋቱም የቫልቩ ዙሪያ በከፍታው ሲባዛ የሚገኘው ነው። ቫልቩ 8 ሚሊሜትር ሲነሣ መጋረጃው 804 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም ከቫልቩ ከራሱ ክብ ስፋት ጋር እኩል ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ ማንኛውም ቫልቭ የዲያሜትሩን አንድ አራተኛ ሲነሣ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። የፋብሪካው ካምሻፍት የቮልስን ቫልቭ የሚያነሣው ከ8 ሚሊሜትር ጥቂት አልፎ ነው። እንግዲህ ቫልቩ ወደ ጫፍ ተጠግቶ ከተነሣባት ጊዜ በስተቀር መንገዱን የሚያጠበው ቦዩ (ከመቀመጫው እስከ አፉ ያለው የጭስ መተላለፊያ) ሳይሆን ይህ መጋረጃ ነው። ቦዩን ያለ ልክ ያሰፋ ሰው ጠባብ በር ያለው ቤት ውስጥ ሰፊ ኮሪደር ሠራ ማለት ነው።

ከመቀመጫው ቀጥሎ ያለውን ጠባብ ክብ ጉሮሮ ብለን እንጥራው። ጉሮሮው ከቫልቩ ዲያሜትር ከ85 እስከ 90 በመቶ ሲሆን ጥሩ ይሠራል፤ ለ32 ሚሊሜትር ቫልቭ ይህ ከ27 እስከ 29 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ ለመቀመጫው የሚቀረው ሥጋ ይሳሳል፣ ጋዙም ከቫልቩ ጠርዝ ዞሮ ለመግባት የሚደገፍበት ማዕዘን ያጣል። ብዙ ጊዜ ጉሮሮው ውስጥ ጣታችሁን ስታዞሩ፣ የብረት መቀመጫው ቀለበት ከአሉሚኒየሙ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ስለት የመሰለ እርከን ታገኛላችሁ፤ ይህ በፋብሪካው ቀለበቱ ሲገባና ሲላጥ የተረፈ ነው። ይህን እርከን ብቻ አንሥቶ ሌላውን ሁሉ ሳይነካ የተወ ሰው የሥራውን ትልቁን ክፍል ጨርሷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከጉሮሮው በኋላ መንገዱ ይታጠፋል። ጋዝ በፍጥነት ሲሄድ መታጠፍ አይወድም፤ ወደ ውጭው ጎን፣ ወደ ረጅሙ ቅስት ይጣላል፣ በውስጠኛው አጭር ጎን ላይ ደግሞ ከግድግዳው ተላቆ ይሽከረከራል። ይህ አጭር የመታጠፊያ ጎን የጠቅላላው ሥራ ፈተና ነው። ዝቅ ተደርጎ ከተቆፈረ እጥፋቱ ይበልጥ ስለታም ይሆናል፤ ጋዙም ከግድግዳው የባሰ ይላቀቃል፤ ቀዳዳው በካሊፐር ሲለካ ሰፍቶ ሳለ የሚያሳልፈው ያንሳል። ስለዚህ አጭሩ ጎን የሚነካው ጫፉ ለስለስ ብሎ እንዲጎብጥ ብቻ ነው፤ ብረት መነሣት ካለበት ከተቃራኒው፣ ጋዙ ከሚደገፍበት ከረጅሙ ቅስት በኩል ይነሣ። በዚያው መታጠፊያ ላይ የቫልቩን ጋይድ (ግንዱ የሚንሸራተትበትን ቱቦ) አቅፎ ወደ ቦዩ መካከል የሚወጣ የአሉሚኒየም ጉብታ አለ። እርሱን በግራና በቀኝ አሳስቶ፣ ጭሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ እንደ ውኃ ጠብታ ጅራት ማሾል ይጠቅማል። ጋይዱን ራሱን ማሳጠር ግን ለመንገድ መኪና የተከለከለ አድርጋችሁ ያዙት፤ ከቫልቩ ግንድ ሙቀት የሚወጣው በእርሱ በኩል ነውና።

አሁን ስለተበላሸው ቴስታታ ልናገር። በወጣትነቴ የሠራሁት ነው። የማርሚታውን ቧንቧ ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) በቴስታታው አፍ ላይ አስቀምጬ፣ ውስጡን በመርፌ ከበብኩና እስከ መስመሩ ድረስ ሞረድኩ፤ ከዚያም ያንኑ ስፋት እስከ ጉሮሮው አቅራቢያ ድረስ ይዤ ገባሁ። ዙሪያውን 2 ሚሊሜትር ያህል ብረት ተነሣ። 28 ሚሊሜትር የነበረው ቦታ 32 ሆነ ማለት ነው። 4 ሚሊሜትር ጭማሪ ትንሽ ትመስላለች፤ በስፋት ሲሰላ ግን ቦዩ ከ30 በመቶ በላይ ሰፍቷል፤ ያው ጋዝ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ ከነበረው 77 በመቶ ብቻ ይሆናል። አጭሩ ጎንም አብሮ ወርዷል። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ድምፁ ደመቀ፤ እኔም በድምፁ ተደስቼ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይዤው ወጣሁ። ድሮ በሦስተኛ ማርሽ ያለ ችግር የሚወጣውን ዳገት ወደ ሁለተኛ ሳልመልስ መውጣት አልቻልኩም። ጭሱ ፍጥነቱን ስላጣ፣ በዝቅተኛ ዙር ሁለቱም ቫልቮች ለአፍታ አብረው በሚከፈቱበት ጊዜ ወደ ሲሊንደሩ ይመለስ ነበር፤ የተመለሰው ጭስ ደግሞ የአዲሱን አየርና ቤንዚን ቦታ ይይዛል። ይህም ሳያንስ መፋቂያው አምልጦኝ የአንዱን መቀመጫ ጠርዝ ቧጥጦት ነበር፤ አንድ ዓመት ሳይሞላ ያ ቫልቭ ተቃጠለ።

ከዚያ በኋላ ሳልለካ ምንም ብረት ላለማንሣት ወሰንኩ። የጋዝን ፍሰት በቴስታታ ላይ መለካት አዲስ ነገር አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሃሪ ዌስሌክ ከአንድ መቶ ዓመት ገደማ በፊት በዚህ ሥራ ስሙን አስጠርቷል፤ ቤንትሌይንና ጃጓርን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ምክሩን ይፈልጉ ነበር። ለእኛ የሚያስፈልገን ከእርሱ መሣሪያ በጣም የቀለለ ነው። ይኸው ከጎኔ ያለው ሣጥን ከጣውላ የተሠራ ነው፤ ክፍተቶቹ በሲሊኮን ተደፍነዋል። ከላይ ያለው ያረጀ የቮልስ ሲሊንደር ነው፤ የቮልስ ሲሊንደሮች አንድ በአንድ ስለሚፈቱ ለዚህ ሥራ ከእነርሱ የተሻለ መያዣ አይገኝም፤ ቴስታታው እላዩ ላይ እንደ ሞተሩ ይቀመጣል። አየሩን የሚሰጠው የምንጣፍ መጥረጊያ ቫክዩም ነው፤ ለጭስ መውጫ አየሩ ከሲሊንደሩ ወደ ውጭ መሄድ ስላለበት ቱቦውን የምናስገባው ቫክዩሙ በሚነፋበት በኩል ነው። የቫልቩን ጠንካራ ሞላ አውጥተን በቦታው ለስላሳ ሞላ እናስገባለን፤ ከበላዩ ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን በቁራጭ ላሜራ ላይ እናስራለን። የዚህ ብሎን ጥርስ በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር ስለሚሄድ፣ ቫልቩን በዙር ቆጥሮ መክፈት ይቻላል።

መለኪያው ውኃ የያዘ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ሁለት ያስፈልጋሉ። አንዱ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ግፊት ያሳያል፤ ይህን ግፊት በሣጥኑ ጎን ባለ ማስተንፈሻ እየከፈትንና እየዘጋን በእያንዳንዱ ልኬት እኩል፣ ለምሳሌ 250 ሚሊሜትር ውኃ ላይ እናቆየዋለን። ማስተንፈሻው ከቫክዩሙ በኩል፣ አየሩ በተለካው ቀዳዳ ከማለፉ በፊት መሆን አለበት፤ አለዚያ ያመለጠው አየር በቴስታታው እንዳለፈ ይቆጠራል። ሁለተኛው ቱቦ አየሩ ወደ ሲሊንደሩ ከመድረሱ በፊት በሚያልፍበት፣ በላሜራ ላይ በተበሳ ቋሚ ቀዳዳ በወዲያና በወዲህ ያለውን የግፊት ልዩነት ያነባል። የሚያልፈው አየር መጠን የሚያድገው ከዚህ ንባብ ካሬ ሥር ጋር ነው። ስለዚህ ከሥራው በፊት ውኃው 100 ሚሊሜትር ተነሥቶ ከሥራው በኋላ 121 ቢነሣ፣ ጭማሪው 21 በመቶ ሳይሆን 10 በመቶ ነው። በ1፣ በ2፣ በ3 እያላችሁ እስከ 8 ሚሊሜትር ለክታችሁ ጻፉ። በቁጥሮቹ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ይህ መሣሪያ የሚሠራው ከእውነተኛው ጭስ ጋር ሲነጻጸር እጅግ በትንሽ ግፊትና በቀዝቃዛ አየር ነው፤ ሞተሩ የሚያወጣውን ጉልበት አይናገርም። የሚናገረው የዛሬው ቅርጽ ከትናንቱ መሻሉን ወይም መክፋቱን ነው፤ ለእኛም የሚያስፈልገን ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ 4 ሚሊሜትሮች ላይ የተገኘ ጭማሪ በ8 ላይ ከተገኘው ይበልጥብኛል፤ ፍንዳታው የሚወጣው በእነርሱ ነውና።

ከመሞረዳችሁ በፊት ሌላም የምለምናችሁ ነገር አለ። በመቀመጫዎቹና በካንዴላው ቀዳዳ መካከል የተሰነጠቀ፣ ለእድሳት የማይሆን የቮልስ ቴስታታ በየጋራዡ ጥግ ተጥሎ ይገኛል፤ ይህ ስንጥቅ የዚህ ሞተር የታወቀ ሕመም ነው። አንዱን ለምናችሁ ውሰዱና በጭስ ቦዩ መካከል ቁመቱን በመጋዝ ሰንጥቁት። የግድግዳውን ውፍረት፣ መታጠፊያውን፣ የጋይዱን ጉብታ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ታዩታላችሁ። በውኃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ለመሥራት ለምታስቡ ይህ ግዴታ ነው፤ ከቦዩ ግድግዳ በስተጀርባ የውኃ መተላለፊያ አለ፤ እርሱን የበሳ ሰው ቴስታታውን አጣ ማለት ነው።

ለሥራው ሞርሳ፣ ቀጭን አንገት ያለው ፈጣን የእጅ መሞረጃ ማሽን ወይም በትራፓኖ የሚዞር ተጣጣፊ ዘንግ፣ የካርባይድ መፋቂያዎችና ጥቅል የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። ለአሉሚኒየም የሚሆነው ጥርሱ ሰፋፊና ያልተጠላለፈ መፋቂያ ነው፤ ጥርሱ ደቃቅ የሆነው ለብረት የተሠራ ስለሆነ አሉሚኒየም ወዲያው ይሞላበትና መፋቁን ትቶ ማሻሸት ይጀምራል። በየጊዜው በነጭ ጋዝ ወይም በሻማ ሰም እየነካችሁት ሥሩ። መቀመጫውን ለመጠበቅ ያረጀ ቫልቭ አስገብታችሁ ከጉሮሮው በላይ ያለውን ሥሩ፤ ወደ ጉሮሮው ስትመጡ ቫልቩን አውጥታችሁ በእጅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ጨርሱ። ማሽኑን በአንድ ቦታ አታቁሙት፤ የሚነካው ቦታ በጥቁር ማርከር ከተቀባ ምን ያህል እንደተነሣና የት እንዳልተነካ ዓይን በቀላሉ ይለየዋል። ሁለቱን መውጫዎች እየተፈራረቃችሁ ሥሩ እንጂ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ እጅ እየደከመ ሲሄድ ሁለተኛው ሌላ ቅርጽ ይይዛል።

ስለ ጤና የምለው አጭር ቢሆንም ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መጀመሪያ ድረስ አቁመዋል፤ ከዚያ በፊት የሠሩ ሞተሮች የጭስ ቦይ ውስጥ የተጋገረው ግራጫ አመድ ግን የእርሳስ ውህድ ሊኖርበት ይችላል። ይህን አመድ በደረቁ አትፋቁት፣ በኮምፕሬሰር አትንፉት። በነጭ ጋዝ አርሱት፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን ልጆች በማይደርሱበት አስወግዱ፤ አቧራ የሚያጣራ ጭምብልና መነጽር አድርጉ፣ ልብሳችሁንም ሳትቀይሩ ልጅ አትቀፉ። በቤት ውስጥ ስንሠራ ጋራዥ ውስጥ የማይኖር ኃላፊነት አለብን።

ወደ መቀመጫው ልመለስ፣ እርሱን በችኮላ ማለፍ አይገባምና። የጭስ ቫልቭ በሚሠራበት ጊዜ ቀይ እስኪሆን ይግላል፤ ከዚህ ሙቀት አብዛኛው የሚወጣው ቫልቩ ተዘግቶ በመቀመጫው ላይ በተቀመጠባት ጊዜ፣ በመቀመጫው በኩል ነው። በቮልስ የጭስ መቀመጫ ስፋት ወደ 2 ሚሊሜትር የሚጠጋ ሲሆን ከማስገቢያው ሰፋ ያለ ነው፤ ሰፋ ያለውም ለሙቀት ሲባል ነው። ለፍሰት ሲሉ እርሱን ወደ 1 ሚሊሜትር የሚያጠቡ ሰዎች ቫልቭ ያቃጥላሉ። ዋናው ማዕዘን 45 ዲግሪ ነው፤ ከበላዩ 30፣ ከበታቹ 60 ዲግሪ ሲጨመርለት ጋዙ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደረጃ ይታጠፋል። ይህን ሥራ በእጅ ለመሥራት አልመክርም፤ ማሽኑ ያለው ባለሙያ ዘንድ ወስዶ ማስቆረጥ ነው የሚሻለው፤ ከዚያ በኋላ ሦስቱ ማዕዘኖች ከጉሮሮው ጋር የሚገናኙባትን መስመር ብቻ እናንተ በወረቀት ታለሰልሷታላችሁ። የቀረውን ለማረጋገጥ ቫልቩን አስቀምጣችሁ ቦዩን በቤንዚን ሙሉ፤ በመቀመጫው በኩል ወዝ እንኳ መታየት የለበትም።

ጭስ መውጫን እንደ መስታወት ማንጸባረቅ ያስፈልጋል ወይ ተብዬ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ለፍሰቱ የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም ነው። ልሙጥ ግድግዳ ላይ ግን ጥቀርሻ ቶሎ አይጣበቅም፤ ጥቂትም ቢሆን ሙቀት ወደ ቴስታታው እንዳይገባ ይረዳል። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር፣ በተለይም የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ በተቀመጠባቸው በቆዩት ሞተሮች ላይ ነፋስ ለሚያንሰው ለሦስተኛው ሲሊንደር፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ80 ቁጥር ጀምሮ በ120 መጨረስ ይበቃል። በማስገቢያው በኩል ግን መስታወት አታድርጉት፤ ቤንዚኑ በልሙጥ ግድግዳ ላይ ተንጠባጥቦ ይወርዳል፤ ሸካራው ይሻለዋል።

ቦዩ ከማርሚታው ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት አፍም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቧንቧው ከቴስታታው አፍ ጥቂት ሰፋ ቢል መልካም ነው፤ ወደ ውጭ የሚሄደውን ጭስ የሚያግደው ነገር የለም፤ የሚመለሰውን ግን ያ እርከን ይገታዋል። የሚጎዳው ተቃራኒው ነው፤ አፉ ከቧንቧው ሰፍቶ የቧንቧው ጠርዝ እንደ ግድግዳ ከጭሱ ፊት ሲቆም። እኔ በመጀመሪያው ቴስታታ ያደረግኩት ይህን ነበር፣ ጓርኒሲዮኑን ተከትዬ፤ የጓርኒሲዮን ቀዳዳ ከቧንቧው ውስጥ ስፋት ይበልጣልና መለኪያ አይሆንም።

ከዚህ ሥራ ምን እንደማይጠበቅ ደግሞ በግልጽ ልናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሞተራችን በእያንዳንዱ ምት የሚተነፍሰው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጭስ መውጫን ማስተካከል ይህን የጎደለ አየር አይመልስም። የሚያደርገው የቀረ ጭስ የአዲሱን አየር ቦታ እንዳይሻማ ማድረግና ፒስተኑ ጭስ ለመግፋት የሚያባክነውን ጉልበት መቀነስ ነው። የተዘጋ፣ ውስጡ የወዳደቀ ማርሚታ ላይ የተስተካከለ ቴስታታ መግጠምም ትርጉም የለውም፤ መጀመሪያ እርሱ ይታይ።

ቴስታታው ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ የሚተነፍሰው ሌላ ስለሆነ የካርቡራተሩም ቅልቅል ይታያል። ካንዴላዎቹን ከረጅም ዳገት በኋላ አውጥታችሁ እዩ፤ ጫፋቸው ወደ ነጭ ካደላ ቤንዚኑ አንሷል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተርን ከዚህ በላይ የሚገድለው ነገር የለም። ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ በማለዳ፣ የቫልቮቹን ክፍተት (ቫልቩ ሲዘጋ በግንዱ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለውን) ለኩ፤ 0.15 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ክፍተቱ ከሰፋ ይስተካከላል እንጂ አያሳስብም፤ የጭስ ቫልቭ ክፍተት ከጠበበ ግን ወይ መቀመጫው እየሰመጠ ነው፣ ወይ ቫልቩ እየተሳበ ነው። አስተካክሎ ማለፍ ብቻ ሳይሆን ደግሞ መለካት ያስፈልጋል፤ በሁለተኛውም ጊዜ ከጠበበ፣ በተለይ በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ፣ ቴስታታውን መልሳችሁ አውርዱ።

አሁን ቫክዩሙን አስነሣለሁ። መጀመሪያ የተበላሸውን፣ ቀጥሎ የተስተካከለውን በሣጥኑ ላይ አስቀምጬ ከ1 እስከ 8 ሚሊሜትር እከፍታለሁ፤ ከእናንተ አንዳችሁ ብሎኑን አዙሩልኝ፣ አንዳችሁ የውኃውን ንባብ በሰሌዳው ላይ ጻፉልኝ።